አያት ፒኬት ሳህን ሊመልሱ የወጡ ዕለት

ኖቬምበር 7፣ ቅዳሜ
ጠዋት፣ ያገለገሉ ዕቃዎች ሱቄ፦ አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተሸጦ ወጣ፣ ሁለት አሮጌ ቴሌቪዥን ገባ። የአንዱ ምስል ይንቀጠቀጣል... ለመለዋወጫ ይሆናል።
እማዬ ከተቀበረች ወር ሊሆናት ነው። አባዬ ዛሬም ቁርሱን ሳይነካ ተነሳ። ጎረቤቶች ያመጡልንን ምግብ የበላሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሳህኖቻቸው ከታች የባለቤቶቹ ስም እንደተለጠፈባቸው ወጥ ቤት ተደርድረዋል። ልመልሳቸው ስል አባዬ «ተያቸው» አለ። ከመክሳቱ የተነሳ ሱሪውን የያዘው ቀበቶው ብቻ ነው። እስከ መቼ?

ኖቬምበር 8፣ እሁድ
ደህናውን ቴሌቪዥን ልሞክረው ቤት ወሰድኩት። «የፒኬት ቤተሰብ» የሚባለው ካርቱን ሰዓት ነበር። አባዬ ካርቱን አይወድም። «የተሳለ ሰው ምን ያስቃል?» ይል ነበር።
ዛሬ ግን ቀልድ የለውም። የአያት ፒኬት ሚስት ሞታለች። ሽማግሌው የጎረቤት ሳህን አጥበው በየበሩ ይመልሳሉ። በር ሲከፈትላቸው አፋቸው ይያዛል። ሰጥተው ዞር ይላሉ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ...
አባዬ ወንበሩን ወደፊት ሳበ።
«ውሸት ነው።»
«ምኑ?»
«ሳህን በረንዳ ላይ ሰጥቶ መሄድ አለ እንዴ? ማን አሳደገው? ገብቶ ይቀመጣል እንጂ። ይሄን የጻፈው እንደኛ ሚኒሶታ ሳይሆን ካሊፎርኒያ ያደገ ነው።»
አንተስ መቼ ነው ገብተህ የምትቀመጠው? ልለው ብዬ ዋጥኩት። ሱቅ ውስጥም ደንበኛ ዕቃውን በራሱ ሲያነሳ አልገፋፋውም።

ኖቬምበር 9፣ ሰኞ
ከተማው ሁሉ ስለ ፒኬት ነው ወሬው። ፖስታ አዳዩ ሃርላን፣ «ሚስቴ ስታለቅስ አመሸች» አለኝ።
«አንተስ?»
«እኔ ጉንፋን ይዞኛል።»
ማታ ስገባ አባዬ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ያጥባል። አጥቤያቸው ነበር። አልነገርኩትም።

ኖቬምበር 11፣ ረቡዕ
አባዬን ሳህኗን ሊመልስ ጎረቤታችን ወይዘሮ ማርና ቤት አደረስኩት። መኪና ውስጥ ሆኜ አየዋለሁ። ሳህኑን ሰጠ፣ ቃል አልወጣውም፣ ሊዞር ሲል...
«ኦርቪል፣ ሚኒሶታን በሙሉ ልታሞቃት ነው? ገብተህ በሩን ዝጋ» አለችው አባዬን።
ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ጃኬቱ ላይ የኬክ ፍርፋሪ ነበር።
«ምን አወራችሁ?»
«ስለ እናትሽ። ኬኳ ጨው ይበዛበት ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው።»
ሳቀ ልበል? ትከሻው ግን ተነቃነቀ።

ኖቬምበር 14፣ ቅዳሜ
ገበያ ቀዝቃዛ። ሃርላን በረዶ አዳልጦት እግሩ ተሰበረ።
«ምን እንውሰድለት?» አለ አባዬ።
«ሱቅ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ።»
«የተገዛ ምግብ ለሰው ይወሰዳል? እናትሽ ብትሰማሽ!»
እሷ እንደምትሠራው እየነገረኝ ድንችና ሥጋውን ደረደርን፣ ኦቭን ውስጥ ከተትነው። ሲወጣ አባዬ ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ወንበር ሳበ... ዞር ብዬ ዕቃ አጠብኩ፤ እንዳያየኝም እንዳላየውም።
ለሃርላን የሚሆን አልተረፈም።
ነገ እንደገና የምገዛው፦ ድንች፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርት።