ጠመንጃችሁን መልሳችሁ ውሰዱ

እኔ ኦርፋ ዊልፎንግ፣ በዌስት ቨርጂኒያ በላረል ሸለቆ ተወልጄ፣ እዚያው አግብቼና ወልጄ፣ እዚያው ሰማንያ ዓመት የሞላኝ ሴት፣ ዛሬ አርብ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1987 በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ይህን የኑዛዜ ቃል እሰጣለሁ። ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል ብሎኛል። አእምሮዬን አልመረመረውም፤ ቢመረምረው ኖሮ ከእርሱ የተሻለ ሆኖ ያገኘው ነበር። ይህን ቃል እንድሰጥ ያስገደደኝ የለም። የመከሩኝ ግን ሞልተዋል፤ ዕድሜ ልኬንም ያናደደኝ ይኸው ነው።

ቃሌን የምትጽፈው የቀድሞዋ የሸለቆው አስተማሪ ሚስ ጄነቫ በርነር ናት። ሁለተኛው ምስክር ጎረቤቴ አርደን ሻርፕ ነው። ሁለቱም ከእኔ አንዳች ነገር አይወርሱም። ልጆቼ ዴንዚልና ራሞና ተገኝተዋል። የሟች ባለቤቴ ወንድም ክሌተስም ተገኝቷል፤ እርሱን የጠራው የለም፤ ምግብና ምክር የሚቀርብበትን ቤት ሳይጠራ ያውቀዋል። ኋላ “እናታችን እንዲህ አላለችም” የሚል እንዳይነሳ፣ ሚስ ጄነቫ እዚህ የሚባለውን ሁሉ፣ የሚያቋርጠኝንም ሰው ቃል ጭምር፣ እንድትጽፍ አዝዣለሁ።

አንደኛ። ቤቱና ከበስተኋላው ያሉት የፖም ዛፎች ለልጄ ለራሞና ይሁኑ። ወንድሟ የራሱ ቤት አለውና እንዳይቀየም። የሰሜኑ በኩል ጣሪያ ያፈሳል፤ እርሱንም አብራ ትውረሰው።

ሁለተኛ። የጠመንጃዎቼ ነገር። በቁም ሣጥኔ ውስጥ ሦስት አሉ፤ ሦስቱም “ሃያ ሁለት” የምንላቸው፣ ቀጭን ጥይት የሚጎርሱ፣ ለዒላማና ለዛፍ ሽኮኮ የሚሆኑ ናቸው። ሦስቱንም ስተኩስባቸው የኖርኩት እኔ ነኝ። አንዱንም ግን አልመረጥኩም።

የመጀመሪያውን የመረጠው ባለቤቴ ኤስቲል ነው፤ በተጋባን ዓመት። ኤስቲል ክንደ ረጅም፣ ግዙፍ ሰው ነበር። መደብር ውስጥ ጠመንጃውን በራሱ ትከሻ ላይ ለካና “ይሄ ይስማማሻል” አለኝ። አፈሙዙ ወፍራም፣ ለዒላማ የተሠራ ነው፤ አግዳሚ ላይ አስደግፈው ሲተኩሱበት እንከን አይወጣለትም። ሽኮኮ ግን ዳገት ላይ ነው የሚኖረው። ያንን ብረት ተሸክሜ ሽኮኮ ፍሬውን ከሚለቅምበት ከላይኛው የዋልነት ዛፍ ሥር ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰደፉም ስለሚረዝምብኝ አንገቴን እንደ ዝይ አስግጌ ነበር የማነጣጥረው።

እንዲያም ሆኖ፣ የሸለቆው እሳት አደጋ ተከላካዮች በየበልጉ በሚያዘጋጁት የዒላማ ውድድር ላይ፣ ለሽልማት የሚሰጠውን በጭስ የደረቀ የአሳማ ጭን ደጋግሜ ወሰድኩ። ወንዶቹ ሁሉ ወደ ኤስቲል እየሄዱ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉትና “ምን የመሰለ ጠመንጃ ነው የመረጥክላት!” ይሉት ነበር። እርሱም ያመሰግናቸዋል። ሥጋውን ተሸክሜ ወደ መኪናው የምሄደው እኔ ነኝ። በሳትኩበት ዓመት ግን ጠመንጃውን የወቀሰ አልነበረም፤ “ምን ይደረግ፣ ሴት ናት” አሉ። ስመታ የእርሱ፣ ስስት የእኔ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔን ደግሞ የሰው ጠመንጃ አላደመቀኝም። ኤስቲልን እወደው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ። በዚህ ነገር ግን እስከ ዛሬ ተናድጃለሁ።

መራጩ ስለሞተ ጠመንጃውን ልመልስለት አልቻልኩም። የአባቱን ክንድ የወረሰው ዴንዚል ይውሰደው።

ሦስተኛ። ራሱን በራሱ የሚያጎርሰው ጠመንጃ ወደ ክሌተስ ይመለስ። ኤስቲል በሞተ በዓመቱ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ይዞት መጣና “ኦርፋ፣ ይሄ እኮ ምላጩን በነካሽ ቁጥር ይተኩሳል! አንዱ ቢስት አንዱ ያገኘዋል” አለኝ። እንዲህ የሚል ሰው ሽኮኮ በልቶ አያውቅም ማለት ነው። ሽኮኮ በአንድ ጥይት ጭንቅላቱን ካልተመታ መጥበሻ ላይ አይወጣም፤ ከወጣም ከሥጋው ጋር እርሳስ ታኝካለህ። ጠመንጃው ደግሞ አመለኛ ነው። ርካሽ ጥይት አይወድም፣ ውዱንም አይወድም፤ የሚወደውን እስካሁን አላገኘንም። ቀለሃው ሊወጣ ሲል መሃል ላይ ይቀረቀራል፤ እኔ በቢላዋ ስፈለቅቀው ሽኮኮው ዛፉን ዞሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ክሌተስ አቋረጠኝ። “ዘይት ሳትቀቢው እኮ ነው! ስንቴ ነግሬሻለሁ!”

“ጻፊው ጄነቫ፣” አልኩ።

“ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አሉ። እኔ የለሁበትም!”

“መከራዬማ አንተ ነህ። ጠመንጃህን ይዘህ ሂድልኝ።”

አራተኛ። ሦስተኛውን ጠመንጃ ዴንዚል ለልደቴ ያመጣልኝ ነው፤ እርሱም ለዴንዚል ይመለስ። ሻጩ “ለማን ነው?” ቢለው “ለአሮጊት እናቴ” አለው፤ ሻጩም የሕፃን ጠመንጃ አውጥቶ ሰጠው። ሰደፉ ከማጠሩ የተነሣ ስተኩስበት አውራ ጣቴ አፍንጫዬን ይመታኛል። በላዩም ከራሱ ከጠመንጃው የሚበልጥ የማነጣጠሪያ መነጽር ተጭኖበታል፤ በእርሱ ሳይ የሽኮኮውን ጢም እቆጥራለሁ፣ ሽኮኮው የትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንዳለ ግን አላውቅም።

“እማዬ፣ እንዲቀልልሽ ብዬ እኮ ነው፣” አለ ዴንዚል።

“አውቃለሁ ልጄ። መጠየቅ ደግሞ ከዚያም ይቀል ነበር።”

አምስተኛ። ሦስቱም ጠመንጃዎች ዛሬውኑ፣ ዓይኔ እያየ፣ ከቤቴ ይውጡ። ሚስ ጄነቫ እስክሪብቶዋን አንሥታ “ኦርፋ፣ ኑዛዜ የሚጸናው ከሞት በኋላ ነው፤ እንዲህ ብዬ መጻፍ አልችልም” አለችኝ። እንግዲያው ስጦታ ብለሽ ጻፊው አልኳት። ምክንያቴንም እናገራለሁ። የራሴን ጠመንጃ መምረጥ እፈልጋለሁ ባልኩ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነበር፤ “ሦስት አለሽ አይደል?” ይሉኛል። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንድም የለኝም።

ክሌተስ ሣቀ። “ታዲያ ነገ ሳምንት የአደኑ ወቅት ሲከፈት በምን ልትተኩሺ ነው? በመጥበሻ?”

“ዛሬ መደብር ሄጄ በምመርጠው።”

“በዚህ ልብሽ? ዳገት ልትወጪ?” አለ ዴንዚል። ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል ካለኝ ወዲህ፣ የመኪናዬን ቁልፍ ዴንዚል ለደኅንነትሽ ነው ብሎ ኪሱ ከቶታል። “እሺ፣ እማዬ፣ አትቆጪ። ምን ዓይነት እንደሆነ ንገሪኝና እኔው ሄጄ ልግዛልሽ።”

ልግዛልሽ! ጠረጴዛውን መታሁት፤ የሚስ ጄነቫ ሻይ ተደፋ። እርሱ አልገባውም። ደግ ልጅ ነው፣ ግን አልገባውም። ወዲያው ሁለቱ እየተሻሙ ይመክሩኝ ጀመር። ክሌተስ አፈሙዙ ረጅም ይሁን ይላል፤ ዴንዚል አጭር ይሁን፣ እንዳይከብዳት ይላል። ስለ እኔ ትከሻ፣ ስለ እኔ ዓይን፣ እኔ ፊታቸው ተቀምጬ ይከራከራሉ። ጥፉ ከፊቴ ልላቸው አፌን ስከፍት፣ እስከዚያ ድረስ ድምፁን ያላሰማው አርደን ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገና ተናገረ።

“እትዬ ኦርፋ፣ ለመሆኑ እርስዎ የሚፈልጉት ምን ዓይነቱን ነው?”

ሚስ ጄነቫ፣ ይህንንም ጻፊው፤ አለቀስኩ። በዚህ ነገር ሰው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። መልሱን ግን ከልጅነቴ ጀምሬ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ።

ከዚያ ነገርኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ትከሻዬ ላይ ሳውለው፣ ዓይኔን ስገልጥ ማነጣጠሪያው ራሱ ፊቴ ላይ የሚገኝ፤ አንገቴን የማላሰግግበት፣ አፍንጫዬንም የማላስመታበት። ለዳገቱ የማይከብድ፣ ግን ትንፋሽ በሳብኩ ቁጥር የማይወዛወዝ። ጥይቱን በእጄ ጎትቼ የማጎርሰው፤ መቸኮል አልወድም፣ አንድ ጥይት ይበቃኛል። ምላጩ ሳይንገታገት የሚለቅ። ዓይኔ ስለደከመ ትንሽ መነጽር፣ ትንሽ ብቻ። ከገዛሁትም በኋላ የተለያየ ዓይነት ጥይት እየቀያየርኩ ወረቀት ላይ እሞክረዋለሁ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃዎች እንኳን የሚወዱት ጥይት ይለያያልና፣ የእኔው የሚወደውን ራሱ እስኪነግረኝ እታገሠዋለሁ። ጠመንጃውን የምጠይቀውን ያህል እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ዴንዚል ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

“ልንዳልሽ?” አለኝ።

“ንዳልኝ። መደብሩ ውስጥ ግን ትንፍሽ እንዳትል።”

ስድስተኛ። ዛሬ የምመርጠው ጠመንጃ ስምና ቁጥር ስለማይታወቅ ቦታው ባዶ ይተው፤ ስመለስ እሞላዋለሁ። ከሞትኩ በኋላ ለራሞና ይሁን፤ ግን በግዴታ አይደለም። ራሞና፣ በልጅነትሽ የአባትሽን ከባድ ጠመንጃ አስያዙሽ፤ ትከሻሽ በለዘ፤ “ለዚህ አልተፈጠረችም” አሉ፤ አንቺም አመንሻቸው። እኔ የማልፈልገውን ሸክም ስሸከም ኖሬ መልሼ አንቺን አላሸክምም። ትከሻሽ ላይ ሞክሪው። ካልተስማማሽ የእናቴ መታሰቢያ ነው ብለሽ አትያዢው፤ ሽጪውና የሚስማማሽን ምረጪ። ጨርሶ ካልፈለግሽም ተዪው፤ አለመፈለግሽንም ማንም አይምረጥልሽ።

ሰባተኛ፣ ለሁላችሁም። ነገ ሳምንት በላይኛው ዛፍ ሥር ብመታ፣ ማን መረጠላት ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱን ታውቁታላችሁ። ብስት ደግሞ ጠመንጃው ነው፣ ነፋሱ ነው፣ እርጅና ነው ብላችሁ አታስተባብሉልኝ። ኦርፋ ሳተች በሉ። ስህተቱን እንኳን የራሴ አድርጌ ልሙት።

የተናዛዧ ፊርማ፦ ኦርፋ ዊልፎንግ

እኛ ምስክሮች፣ ከላይ ያለው ቃል ከተናዛዧ አፍ ሲወጣ ሰምተን፣ ስድስተኛው አንቀጽ ላይ የተተወው ቦታ ባዶ መሆኑን አይተን ፈርመናል። ሦስቱን ጠመንጃዎች ዴንዚልና ክሌተስ ፊታችን ተረክበዋል። ክሌተስ በሩ ላይ ቆሞ አንድ የመጨረሻ ነገር ሊናገር ነበር፤ ተናዛዧ ስታየው ተወው። ራሞና ግን ካፖርቷን ለበሰችና “እማዬ፣ እኔም አንዱን ትከሻዬ ላይ ልሞክር” ብላ ተከተለቻት።

ጄነቫ በርነር

አርደን ሻርፕ