የራሱን ታክሲ ሊሰርቅ ነበር ስለተባለው ሰው፣ ለክቡር ዐቃቤ ሕግ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና
ጥቅምት 1989 እ.ኤ.አ.

ክቡር ዐቃቤ ሕግ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ የሰፈራችንን ደኅንነት ሲያስቡ እንቅልፍ እንዳያጡም አምላክ ይርዳዎ። እኔ ፌርፋክስ ላይ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር ፀሐይነሽ የተባልኩ ሴት ነኝ። የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው፤ በምስጋናዬ መሐል ጥቂት ቅሬታ ቢገባበት እንደ ወጥ ጨው ቆጥረው ይለፉኝ።

አበጋዝ የሚባል ደንበኛ አለኝ። አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ እዚህ በስሙ የተመዘገበች አንድ ታክሲ አለችው፣ ኮሪያታውን በሚባል ሰፈርም ከሦስት ሰዎች ጋር አፓርትመንት ይጋራል። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቀን በቀትር ያሳጠርኩለትን ሱሪ ሊወስድ መጥቶ ከሱቄ ደጅ ፓርክ አደረገና ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን ቆለፈው። የልብስ መስቀያ ሽቦ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በመስኮቱ ጠርዝ አስገብቶ ሲታገል ሁለት ፖሊሶች ደረሱ።

"መኪናው የእኔ ነው። ፎቶዬ ውስጥ አለ" አላቸው።

እውነትም የታክሲ ፈቃዱ ፎቶ ከመሪው አጠገብ ተለጥፎ ሁላችንንም ያየን ነበር። እኔም ወጥቼ "ሽቦው የእኔ፣ መኪናው የእሱ" ብዬ አስረዳሁ። ወደ ሱቄ እንድመለስ በትሕትና ታዘዝኩ። አበጋዝ በካቴና ሄደ፣ ሱሪው እኔ ዘንድ ቀረ።

አንደኛው ቅሬታዬ እንግዲህ መሥሪያ ቤትዎ የባለቤትነት ወረቀቱን ካየ በኋላም በስርቆት ሙከራ ስለ መክሰሱ ነው። ሰው የራሱን ንብረት እንዳይሰርቅ እስከዚህ የሚጠነቀቅ መንግሥት በሌላ አገር አላየሁም፤ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ ስለተመደበለት እናመሰግናለን። እጅግ ትሑት የሆኑ ኬንያዊ ነበሩ፣ በስዋሂሊም ረጅም ሰላምታ ሰጡት። አበጋዝ በሰባራ እንግሊዝኛው "ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህን ቋንቋ አላውቀውም" አላቸው። የእርስዎ ረዳት ግን ተከሳሹ ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለም ብለው አስመዘገቡ። አፍሪካን የሚያህል አህጉር በአንድ ቋንቋ አስማምቶ መገኘት ቀላል ችሎታ አይደለም።

ሦስተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ትንሽ ይሸሸኛል። በታሰረ በዘጠነኛው ቀን ረዳትዎ ከስርቆት ሙከራ ያነሰች ጥፋት አምኖ ቢፈርም ዛሬውኑ ቤቱ እንደሚገባ ላኩበት። የአበጋዝ ጠበቃ ሎሬታ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ ፍርድ ቤት ጥቁሩንና ነጩን በአንድ ዓይን እንዲያይ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚሠሩ፣ እኛም እትዬ ሎሬታ የምንላቸው። እስር ቤት ሊያነጋግሩት ሲሄዱ ለማስተርጎም አብሬ ሄድኩ።

"ደክሞኛል እትዬ ፀሐይነሽ፣ ልፈርም እንዴ?" አለኝ። ፂሙ አድጎ፣ ፊቱ ከስቶ ነበር። ለጠበቃዋ ነገርኳቸው።

"ብትፈርም አልቀየምህም" አሉት። "ዛሬ ትወጣለህ። ግን ጥፋተኛ ነኝ ማለትህ ነው፤ የጥገኝነት ማመልከቻህንም ሊያበላሽብህ ይችላል።"

በአማርኛ እንዲህ አለኝ፦ "አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሠራችሁትን ሠራን አትበሉ እያልኩ ልጆች አስተምሬ፣ ዛሬ እኔው ልበል?" ወረቀቱንም ሳይፈርም መለሰው። ስተረጉምላቸው እትዬ ሎሬታ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን በዋስ ወጣ። ጠበቃዋም ለዳኛው አንድ ጥያቄ አቀረቡ፦ በሰፈራችን በአንድ ዓመት ውስጥ የተቆለፈባቸውን መኪና በሽቦ ሲከፍቱ ፖሊስ ያገኛቸው ሰዎች እነማን ናቸው? ፖሊስ በሩን አብሮ የከፈተላቸውስ፣ ያሰራቸውስ መልካቸው ምን ይመስላል? ዳኛው መዝገቡ በሠላሳ ቀን እንዲቀርብ አዘዙ። በሠላሳኛው ቀን ጠዋት ረዳትዎ ቆመው "ለፍትሕ ሲባል" ክሱን አነሱ፤ መዝገቡም ሳይቀርብ ቀረ። ፍትሕ ትዝ ያላችሁ መዝገቡ ሊወጣ በነበረበት ዕለት መሆኑን እንደ መልካም አጋጣሚ ቆጥሬዋለሁ።

እኛ በደስታ ተቃቀፍን። እትዬ ሎሬታ ግን ቦርሳቸውን እየዘጉ "አበጋዝ ወጣ፣ መዝገቡ ግን ገባ" አሉ። ከዚያም ወደ እሱ ዞረው፣ መዝገቡን በፖሊስ ላይ በሚከፍቱት ሌላ ክስ ሊያስወጡ እንደሚፈልጉ፣ የመጀመሪያው ከሳሽ ሆኖ ቢፈርም ግን እንደገና የፖሊስ ዓይን ውስጥ እንደሚገባ ሳይደብቁ ነገሩት። ነጻ ወጥቷል፤ "በቃኝ" ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር።

"ቁጥር ያለበት ነገር ከሆነ እኔ አለሁ" አለና ፈረመ።

ከእሱ በኋላ ሰባት ሰዎች ፈርመዋል። ሰባቱም ጥቁርና ሜክሲኳዊ ናቸው፤ ሰባቱም በየራሳቸው መኪና በር ላይ የተያዙ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ የሚመጣው ወር ነውና እንዳይቀሩብን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ለከፍተኛ ሥልጣንዎ እጅ እየነሳሁ፣ ስለ ትዕግሥትዎም አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣

የዘወትር አክባሪዎ
ፀሐይነሽ፣ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር የአሜሪካ ዜግነቴን አግኝቼ ነበር፤ ትናንት ደግሞ ፍርድ ቤት ተቀምጬ ከሌሎች ጋር እንድፈርድ ለጁሪነት የተጠራሁበት ወረቀት ደረሰኝ። የእርስዎ ሰዎች የእኔን መልክ ያለው ሰው ጁሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንዳይደክመው አስበው በትሕትና እንደሚያሰናብቱ ሰምቻለሁ። ለእኔ አይጨነቁ፤ ሥራዬ ሙሉ ቀን ተቀምጦ መዋል ነው።