የኮትማንን ርስት ሲፈልጉ የኖሩት የወይዘሮ ሊዮታ ኮትማን ፐርኔል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሊዮታ በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ኦልደር ክሪክ በተባለችው የአጥማጆች መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ ኤልስዎርዝ ኮትማንና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይዳቤል እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1941 ተወለዱ። አባታቸው ሸርጣን ያጠምዱ ነበር፤ እናታቸው በፋብሪካ ሸርጣን ሲፈለፍሉ ጣታቸው ከቁስል ተለይቶ አያውቅም።

ለጥቁር ልጆች በተለየው ትምህርት ቤት ተምረው በ1963 ከመምህራን ኮሌጅ ተመረቁ፤ ባደጉበት መንደርም ጂኦግራፊ አስተማሩ። በ1966 አቶ ዌንደል ፐርኔልን አግብተው ሮዛሊንድንና ጋርኔትን ወለዱ።

አባታቸው፣ ከመንደሩ አጠገብ ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበትን ሥፍራ እያሳዩ፣ “ይህ የወንዝ አፍ በእንግሊዝ ንጉሥ ዘመን የኛ ነበር” ይሉ ነበር። የሚሰማቸው አልነበረም። በ1979 ማዕበል አስጨንቋቸው ጀልባቸውን እዚያው ዳርቻ ላይ ቢያሳርፉ፣ የሰው መሬት ደፍረሃል ተብለው በስተርጅና ተከሰሱ፤ ተቀጡም። በዓመቱ ዐረፉ።

ሊዮታ ከቀብሩ መልስ ወደ ካውንቲው መዝገብ ቤት ገቡ። ሹሙ ቀና ብሎ ሳያያቸው፣ “የናንተ ሰዎች ነገር የሚጀምረው ከባርነት ማብቃት ወዲህ ነው፤ አትድከሚ” አላቸው። እሳቸው ግን ደከሙ። ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከግብር መዝገብ ወደ ኑዛዜ፣ ከኑዛዜ ወደ ሽያጭ ውል እየተሳቡ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እዚያው ሲውሉ ፀጉራቸው ሸበተ።

በ1994 የዘራቸውን አባት ሳምፕሰን ኮትማንን አገኙት። ጥቁር፣ ነፃ ሰው፤ በ1668፣ ትንባሆ እንደ ገንዘብ በሚከፈልበት ዘመን፣ የወንዙን አፍ በትንባሆ የገዛ። መሬቱን ለሚስቱና ለልጆቹ አውርሶ፣ የበኩር ልጁ በተቀበረችበት በባሕሩ ጫፍ እንዲቀብሩት ተናዟል። ፍርድ ቤቱ ግን፣ ሟች ጥቁር ስለሆነ ባዕድ ነው፣ ባዕድም አያወርስም ብሎ መሬቱን ለጎረቤቱ ለሎክሪጅ ሰጠው። ሎክሪጆች ዛሬም እዚያው ናቸው። አቶ ኤልስዎርዝን የከሰሱትም እነሱ ናቸው።

ጋርኔት፣ “እማ፣ አገኘሽው አይደል? በቃ ዕረፊ” አላቸው።

“ሳላውቅ እኮ ድሃ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን የተዘረፍኩ ነኝ” አሉት።

የአካባቢው የታሪክ ማኅበር ጥናታቸውን በምስጋና ተቀብሎ መጽሐፍ አሳተመ። ሳምፕሰን በመጽሐፉ “የሎክሪጅ ቤተሰብ ታማኝ አገልጋይ” ተብሏል። ሄደው ቢጠይቁ በሚቀጥለው እትም ይታረማል ተባሉ። የሚቀጥለው እትም አልወጣም።

በ2011፣ ባላቸው ካረፉ በኋላ፣ ሽማግሌው ሎክሪጅ ዘንድ ሄዱ። መሬቱን አልጠየቁም፤ ከሳምፕሰን ጎን መቀበሪያ ብቻ ለመኑ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ አስቀምጠው በረዶ የገባበት ሻይ አቀረቡላቸው።

“ወረቀቱን አልክድም፣ ወይዘሮ ፐርኔል። ግን ዛሬ አንድ ሙት ባስገባ ነገ ሕያዋኑ ይመጣሉ።”

“ሙታኑማ ድሮም እዚያው ናቸው። በላያቸው የመጣችሁት እናንተ ናችሁ” ብለው ሻዩን ሳይነኩት ተነሡ።

ወይዘሮ ሊዮታ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ጥቅምት 14 ቀን 2021 ዐረፉ። ሮዛሊንድ የእናቷን ቃል ይዛ የሎክሪጅን ወራሽ ደግማ ለመነች። የመለሰላት ጠበቃው ነው፤ የሐዘን መግለጫ እንኳ አልጨመረበትም። ስለዚህ ዛሬ የሚያርፉት በቤተ ክርስቲያናችን መቃብር፣ በባለቤታቸው አጠገብ ነው። ባላቸውን ይወዱ ነበር። የለመኑት ቦታ ግን ይህ አይደለም፤ ይህንን ሳንናገር አፈር ልናለብሳቸው አልፈቀድንም።

ወይዘሮ ሊዮታ ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና ያስተማሯቸውን ብዙዎች ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ድንበር ገፊ በማይደርስበት አገር ያሳርፋቸው። አሜን።