ንጹህ ነው ያልከኝ ጭንቅላቴ

ጫልዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እንደምን ነህ አልልህም፤ ካለህበት መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እንደ ድሮው ግን አፌን ሞልቼ ደህና ነኝ ማለት ትቻለሁ። ይህን የምጽፍልህም አንተኑ ስለተጠራጠርኩህ ነው።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ልጃችን ሲፈን ትምህርቷን ጨርሳ እዚሁ አምቦ ሥራ ይዛለች። የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ። ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ግን ዋሽቼ ላሳምርልህ አልፈልግም፣ የታጠበ ልብስ እንከምርበታለን።

አንተ ባኮ ለሥራ ወርደህ ያረፍክ ዕለት የሆነውን ነግሬህ አላውቅም። ወንድምህ ኦቦ ገመቹ ደወለና፣ ጫላን ትንሽ አሞት ሐኪም ቤት ገብቷል፣ ነገ ይዘነው እንመጣለን አለኝ። አመንኩት። የምትቀይረውን ሸሚዝ ተኮስኩ፣ ራቴን በላሁ፣ ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት ግቢው በሰው ሞልቷል። በዚያ ሰዓት ሰው ለምን እንደሚሰበሰብ ማን ያጣዋል። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ከቀትር ጀምሮ ያውቅ ኖሯል። በኋላ ስቆጣ፣ ዕጢ ሊወጣላት ጭንቅላቷ የተከፈተ ሰው እንዴት በድንገት መርዶ ይነገራታል ብለን ነው አሉኝ። ለእኔ ብለው ነው፣ ይገባኛል። እኔ ግን ባሏ ሞቶ ሳለ ጠግባ ያደረች ሴት ሆኜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ የሚወደኝን ሰው ወሬ አላምንም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ዘንድሮ አዲስ አበባ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ሐኪሙ ምስሉን አይቶ የሚያነጋግረኝ በሳምንቱ ነበር። ያ ሳምንት አልገፋ አለኝ። የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን የወትሮ ቀኑ ሐሙስ ሆኖ ሳለ ማክሰኞ ቤቴ መጣ። ጎረቤታችን አዴ ወርቄ፣ ያቺ የተዋሰችውን የማትመልሰው፣ ወንፊቴን አጥባ መለሰች። ስቀህ ይሆናል፤ እኔ ግን አዴ ወርቄ ዕቃ ከመለሰችልኝማ አልቆልኛል ብዬ ወንፊቱን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። ሲፈን ደግሞ ስልክ ሲደወልላት ጓሮ ወጥታ በኦሮምኛ ታንሾካሹካለች፤ ኦሮምኛውን ያስተማርኳት እኔ መሆኔን ረስታው እንደሆነ እንጃ። ራሴን ሲያመኝ ዕጢው ተመለሰ እላለሁ። ሳያመኝ ሲውል ደግሞ ምን አስቦ ነው ዝም ያለው እላለሁ።

እንዲህ ሁሉንም ስጠረጥር ከርሜ፣ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥኩ አንተ ላይ ደረስኩ። እነዚህ ሰዎች ስለሚወዱኝ ከዋሹኝ፣ ከሁሉም አብልጦ የሚወደኝ ማን ነበር?

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ዞሮ መጣብኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በየቀጠሮው ሐኪሙ ዓይኔንና አረማመዴን ያያል፤ ከዚያ አንተ፣ ብርቄ አንቺ ውጪ አረፍ በይ፣ ምስሉን እኔ ልጠይቅ ትላለህ። ስትወጣ ንጹህ ነው፣ ተነሺ እንሂድ ትለኛለህ። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ጊንጪ ድረስ አፍህን ከፍተህ ትተኛለህ፤ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው እንዲህ አይተኛም ብዬ ልቤን እጥል ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ እውነት እንቅልፍ ነበር ወይስ ፊትህን እንዳላነበው ነው? ደግሞስ ከአንዱ ቀጠሮ በኋላ ያለ ዓመልህ ሐሮ ወንጪ ይዘኸኝ የወረድከው ለምንድን ነው? ውኃ የምትፈራ ሰው ጀልባው ላይ ጠርዙን በሁለት እጅህ ጨብጠህ፣ እኔ በሳቅ ስሞት ዝም ብለህ ታየኝ ነበር። የዚያን ቀን ውኃውን መሰለኝ የፈራኸው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰና ከሲፈን ጋር ሄድን። ሐኪሙ ካየኝ በኋላ ልጅህ እኔን እናቷን ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፤ ሃርሜ አንቺ ውጪ አረፍ በይ፣ እኔ ልጠይቅ። ከአፍህ የወጣ እስኪመስለኝ ደነገጥኩ። አንቺ ውጪ አልኳት፣ በሩንም ዘጋሁባት። ከዚያ ሐኪሙን፣ የእኔው ራስ ነው፣ ለእኔው ይንገሩኝ አልኩት።

ነገረኝ። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ከደም ሥር ጋር የተጣበቀች ትንሽ የዕጢ ቁራጭ ማውጣት አልተቻለም። ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው አለች። እስከ አሁን አላደገችም፣ ዘንድሮም እንደዚያው ናት፤ ልታድግ ስለምትችል ግን በየዓመቱ መታየት አለብኝ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ ባለቤትዎ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበርኮ፣ አልነገሩዎትም እንዴ አለኝ።

ነግሮኛል አልኩት። ባዳ ፊት ውሸታም እንድትባልብኝ አልፈለግኩም።

ለሲፈን ግን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ። አለቀሰች። ማክሰኞ የጸሎቱን ሰዎች የጠራቻቸው እሷ ናት፤ በስልክም ጓሮ እየወጣች እነሱኑ ነበር ጸልዩልኝ የምትለው፣ ከእኔ ይልቅ ስትፈራ ከርማለች። ቀጥላ፣ አባዬ ያውቅ ነበር ወይ አለችኝ። ያውቅ ነበር አልኳት። ተቆጣችህ፤ ፎቶህን ቀና ብላ ካላየች ሰነበተች። እኔም ተቆጥቼሃለሁ፣ ልደብቅህ አልችልም። የራሴን ነገር ከእኔ ቀድሞ ማንም እንዳያውቅ ከሲፈን ጋር ተማምለናል። የሚመጣውም ዓመት አብረን እንገባለን፣ የምንሰማውንም አብረን እንሰማለን።

ንዴቴ ግን ሲበርድ አንድ ነገር ይታየኛል። እነዚያን ዓመታት እኔ ገበያ ወጥቻለሁ፣ ሠርግ በልቻለሁ፣ ዘምሬያለሁ፣ ጠግቤ ተኝቻለሁ። ያቺን ቁራጭ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኳትም። አንተ ግን አጠገቤ ተኝተህ ታስባት ነበር፣ የምታካፍለውም ሰው አልነበረህም። አሁን እኔው ይዣታለሁና አንተ እረፍ። ደስ ባለኝ ቀን ሁሉ በእኔ ፋንታ የሚፈራልኝ ሰው እንደነበረኝ እስክሞት አልረሳውም።

ብርቄህ