አሥራ ሦስት የስልክ እንጨት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ቁልፉን ደብቀውብኝ ነበር። አምቦ በሚገኘው ኮሌጃችን ያለው ኮምፒዩተር አንድ ነው፤ እሱም ከመጣ ጀምሮ ጨርቅ ለብሶ የአስተዳደር ኃላፊው ክፍል ተቀምጧል። የስብሰባ ጥሪ ሲጻፍ በሩ ይከፈታል፤ እኔ ስመጣ ግን "ቁልፉ የት እንደገባ እንጃ" ይላሉ። ዛሬ ሁለት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ገትረውኝ ሲያበቁ ከገዛ ኪሳቸው አወጡት። "የሒሳብ መምህርት የደም ሥር ምን ያደርግላታል?" አሉኝ ደግሞ። የአባቴ ደም ሥር ነው አላልኳቸውም። አፌን ብከፍት እጮህባቸው ነበር።

ለማንኛውም ሠራሁ። ነገሩ ይህ ነው፦ የአባዬ የግራ ጭን ዋናው ደም ወሳጅ ሥር ጠቧል። ሲራመድ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ሲቆም ይለቀዋል። ዋናው ሲጠብ ደሙ በጎን ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ለማለፍ ይሞክራል። በፍጥነት ሲያልፍ ግድግዳቸውን ይፈትጋል። የተፈተገ ሥር ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ፍትጊያው ይቀንሳል፤ ያኔ ማደጉን ያቆማል። ስፋቱ እጥፍ ቢሆን የሚያሳልፈው ደም አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ፕሮግራሜ ይህን ቀን በቀን ያሰላል። ከአባዬ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መራመድ።

አዲስ አበባ ያለው ሐኪምም መስከረም ላይ ያለው ይህንኑ ነው። "እስኪያምዎት ይሂዱ፣ ይረፉ፣ እንደገና ይሂዱ። ሲጋራ ይተዉ። በሁለት ወር ካልተሻለዎትና እየባሰ ከሄደ እግርዎን ስለ መቁረጥ እንነጋገራለን።" ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

አሥራ ሦስት!

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የስልክ መስመር ሠራተኛ ስለነበር ርቀት የሚለካው በእንጨት ነው። መስከረም ላይ ከበራችን በጉደር መንገድ አራት እንጨት እንደሄደ ያመው ነበር። ዛሬ አሥራ ሦስት ሄድኩ አለኝ። ኮምፒዩተሩም ያለው አሥራ ሦስት!

ፕሮግራሙ የሚጠብቀውን በቀይ መስመር ስዬ ከአልጋው በላይ ከለጠፍኩ ቆየሁ። እሱ ማታ ማታ የሄደውን በሰማያዊ ነጥብ ያስቀምጣል። ነጥቦቹ አንድ ሳይቀሩ መስመሩ ላይ ናቸው።

እሱን ልታስታምም ከጎጆ ከተማ የመጣችው አክስቴ ጫልቱ ብቻ አልተደሰተችም። "የታመመ ሰው መንገድ ላይ ታንከራትቻለሽ፤ ጨካኝ ነሽ" አለችኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9



ከትምህርት ስመለስ ጋሪ ያዝኩ። ባለጋሪው ፈረሱን እየነዳ፣ "ኦቦ ቶሎሳ ዛሬ ቀሩብኝ፤ ደኅና ናቸው?" አለኝ ስለ አባዬ። የት ታገኛቸዋለህ? ስለው፣ "ሦስተኛው እንጨት ጋ ነዋ፣ ጠዋት ጠዋት! አሳፍሬ ወስጄ፣ አየር ተቀብለው፣ እመልሳቸዋለሁ። እህታቸው ናት የነገረችኝ።"

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አክስቴ አልካደችም። "አዎ፣ እኔ ነኝ። ወንድሜ ባቱን ይዞ ሲያቃስት ሰው ቆሞ ይየው?" አለች። ጮህኩባት። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም።

አባዬ ግድግዳውን ያያል። ስንት ነው እውነቱ? አልኩት። "ሦስት።" ታዲያ አሥራ ሦስቱ ከየት መጣ?

"ቀዩ መስመር ነው የሚለው። እኔ ካልደረስኩበት የደከምሽበት ሁሉ ገደል የሚገባ መሰለኝ፣ ኢንተላ ኮ።" ልጄ ማለቱ ነው፤ ሲያባብለኝ በኦሮምኛ ነው። ዛሬ አልተባበልኩም። እግሩን ሊያጣ ነው፣ እኔን ደስ ሊያሰኝ!

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ደግሞ ንዴቴ በራሴ ላይ ነው። የፈተናውን መልስ ከተፈታኙ ራስ በላይ የለጠፍኩ መምህርት እኔ ነኝ። ተማሪ እንደዚያ የተስተካከለ ውጤት ቢያመጣልኝ ከየት ቀዳህ ብዬ አፋጥጠው ነበር። የገዛ አባቴ ሲሆን ግን ፈዝዤ አጨበጨብኩ።

ኃላፊውን ቁልፍ ስጡኝ አልኳቸው። ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ ወዲያው ሰጡኝ። የውሸቱን ቁጥር አወጣሁና መራመድ በሚለው ቦታ ዜሮ አስገባሁ። ሥሮቹ አልሰፉም። ከአራት እንጨት ወደ ሦስት ወረደ። ልክ እንደ እውነቱ።

ሁለት ወር ሙሉ እንዲገጥምልኝ ስጸልይ ነበር፤ የገጠመው ይኼ ነው! ማሽኑን በጡጫ ልለው ምንም አልቀረኝም። ቤት ገብቼ ወረቀቱን ከግድግዳ ላይ ቀደድኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

አብረን ወጣን። ሦስተኛው እንጨት ጋ ቆመ። ሰው ሲያልፍ ያፍራል፤ ስለዚህ አንገቱን ቀና አድርጎ ሽቦውን ይመረምራል። "ይህን እኔ ነኝ የተከልኩት፤ ትንሽ ዘሟል" ይላል ለአላፊ አግዳሚው። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። አዘንኩ፤ ተናደድኩም፤ አሁንም ሂድ አልኩት። እያረፈ ሄደ፦ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት እንጨት። ከዚያ በቃው።

ባለጋሪው ፈረሱን አቁሞ ጠበቀን። በዓይኔ አባረርኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 12

አክስቴ ከሐሙስ ጀምሮ አኩርፋኛለች። ዛሬ ግን ስንወጣ በርጩማ ይዛ ከኋላችን መጣች። አባዬ በቆመ ቁጥር ዱብ ታደርግለትና ፊቷን ወደ ማዶ ታዞራለች። አላመሰገንኳትም። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

አዲስ አበባ ደርሰን ተመለስን። ተራ ስንጠብቅ አባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አሥራ ሦስት እንበላቸው፤ አይቆርጡኝም" አለኝ። እውነት ለመናገር ልቤ ወላወለ። ስንት እንደሄደ የምጽፍበት ወረቀት በእጄ ነበር፣ እርሳሱም። ሦስት ብዬ ጽፌ ለሐኪሙ ሰጠሁ፤ ጋሪውንም ተናገርኩ።

ሐኪሙ ተቆጣ። "የሁለት ወር ዕድላችሁን በጋሪ ጫናችሁት!" አለን። ይቆጣኝ፣ ይገባኛል። ከዚያ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ አየ፣ ዳሰሰ፤ ቁስል የለም፣ ብዙም አልቀዘቀዘም። "እስከ ጥር አጋማሽ። አሁን ግን እውነተኛ ሁለት ወር ስጡኝ። ከዚያ በኋላ ቃል አልገባም።"

አምቦ ከአውቶቡስ ስንወርድ ባለጋሪው ቆሞ ነበር። አባዬ እጁን አንስቶ ሰላም አለውና አልፎት በእግሩ ጀመረ። እኔ ከጎኑ እየቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛውን አለፈ። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ ቆመ፤ አራተኛው እንጨት ገና ጥቂት እርምጃ ይቀረው ነበር።

"አራት!" አልኩት።

ባቱን እያሸ ቀና ብሎ አየኝ። "ሦስት ተኩል ነው" አለኝ፤ "አትጨምሪ።"

ሦስት ተኩል ብዬ ጻፍኩ።