ከአሚን በፊት

ደሴ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ
ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለዘካሪያ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ዘካሪያዬ፣ «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምርልህ አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ፈርቻለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ድምፅህን ስሰማ ወዲያው «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ሰላም ነው» እንደምልህ ራሴን አውቃለሁ። የአጎትህ ልጅ ሙዓዝ ዕረፍቱን ጨርሶ ዛሬ ወደ አንተ ስለሚነሳ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ከበርበሬው ጋር ነው ያስቀመጥኩት፤ ሲያስነጥስህ እኔን አትርገመኝ።

ኮምቦልቻ ብስኩት ፋብሪካው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ሆኜ ስገባ ሥራ አስኪያጁ ምንይሉ «ጥሩ የሥራ ባህል ይፍጠሩልኝ» እንዳለኝ ነግሬህ ስትስቅብኝ ትዝ ይልሃል? «ባህል በደመወዝ ይፈጠራል እንዴ?» ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን አልፈጠርኩም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ ከሚያደርግበት ከእናቴ ቤት ወዳጃ ነው ያመጣሁት። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ክብ ሠርተን እንቆማለን። አንድ ቀን ሙስሊም፣ አንድ ቀን ክርስቲያን ሽማግሌ ይመርቀናል፤ ሁላችንም «አሚን» እንላለን። ከዚያ ደስ ያለው ሰው ደስታውን ይናገራል። ወላሂ ያዘ! ዓይንህን ላፈር ይባባሉ የነበሩት የምድጃና የማሸጊያ ክፍል ሰዎች ዛሬ ምሳ ይጋራሉ። ሥርጉት የምትባለው የማሸጊያዋ ልጅ እናቷ ያረፉ ጊዜ ሥራ ያልያዘው ሁሉ ደጋን ድረስ ለቅሶ ሄደ። እኔም ኮራሁ፣ ምን ልደብቅህ።

ታዲያ ከወዳጃው ጋር ሳላስተውል ያመጣሁት ሌላ ነገርም አለ። ከምርቃት በኋላ ክፉ አይነሳም። እናቴ ቤት ዱዓ ተደርጎ ሳያበቃ ስለ በሽታ ወይም ስለ ድርቅ ያወራ ሰው ሟርተኛ ተብሎ ይገሠጽ ነበር። እኛም ጋ ማንም ሳይደነግገው እንዲያው ሆነ። ማሽን ተበላሸ፣ ጓንት አለቀ የሚል ሰው ከክቡ ጠፋ። እኔ ደግሞ ችግር ያለቀ መስሎኝ።

አሁን አትቆጣኝ። ልጅህ ኢስራ ቤት መቀመጥ ሰልችቶኛል ብላ ክረምቱን ማሸጊያ ክፍል ገብታለች። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ትተወዋለች። ከደሴ ኮምቦልቻ አብረን ነው በሠራተኛው ባስ የምንመላለሰው።

ሐሙስ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጭጋጉ ከመስታወቱ ላይ አልነሳ ብሎ ነበር። ኢስራ መኪና ስለሚያዞራት ከሹፌሩ ከጋሽ ሰይድ ጀርባ ነው የምትቀመጠው። ጠመዝማዛው ላይ ጋሽ ሰይድ ፍሬን ያዙ፤ ባሱ አልቆመም። ደጋግመው ረገጡ። ማርሽ ሲቀንሱ ሞተሩ ጮኸ። ገደሉ ይታየኝ ነበር። እሳቸው መሪውን ወደ ተራራው በኩል ጠምዝዘው ጎማውን ቦይ ውስጥ ከተቱትና ቆምን። የልጄን ስም የጠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ድምፅ አልወጣኝም። ፍሬኑ እስኪበርድ ዝናብ ላይ ቆየን፤ ከዚያ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ኮምቦልቻ ገባን።

ክቡ ላይ ተራው የጋሽ ሰይድ ነበር፤ መረቁን። ከዚያ ኢስራ እጇን አወጣች።

«እኔን ደስ ያለኝ በሕይወት መድረሳችን ነው። የባሱ ፍሬን ግን...»

ምንይሉ ፈገግ ብሎ አቋረጣት። «ተመስገን በይ እንጂ! ከምርቃት በኋላ አይሟረትም። ዛሬ ያተረፈን ነገም ይጠብቀናል!»

ሰዉ ሁሉ «አሚን» አለ። እኔም አልኩ። ዘካሪያ፣ ልጄ የጀመረችውን ቃል ሳትጨርስ በአሚን ዘጋሁባት። ዞር ብላ አየችኝ፤ ያ አስተያየቷ እስካሁን አልለቀቀኝም።

በኋላ ጋሽ ሰይድን በሩ ላይ አገኘኋቸው። «ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ለጋራዡ ተናግሬያለሁ፣ ዕቃው እስኪመጣ ታገሥ አሉኝ። እዚያ ቆሜ እንዳልናገር ደግሞ፣ ልጄ፣ ዱዓውን ያደረግኩት እኔ ነኝ። በመረቅኩበት አፌ ላሟርት?»

ምንይሉ ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ፤ ሠራተኛው ሲታመም ቀድሞ የሚጠይቀው እሱ ነው። «እትዬ ፈትሂያ፣» አለኝ፣ «ማክሰኞ የሥራ ባህላችንን ሊያዩ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት። ባሱ ቆሞ ቢያገኙት ምን እንላለን? እስከዚያ ቀስ ብሎ ይንዳ።» እሱ የሚመላለሰው በፒክአፑ ነው። ባሱን ግን አሳጥቦ ጎኑ ላይ «አንድ ቤተሰብ ነን» የሚል በትልቁ አስጽፎበታል። ፍሬኑን ማንም አልነካውም።

ትናንት ኢስራን «ሰኞ አትሄጂም» አልኳት።

«ጓደኞቼ ተሳፍረው እኔ ልቅር? አንድ ቤተሰብ ነን ያልሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ እማ?»

ብዘጋባት በመስኮት ትወጣለች፤ ያንተ ልጅ ናት።

ስለዚህ ነገ እንዲህ ላደርግ ነው። ክቡን ፋብሪካው ድረስ አላቆየውም። እዚሁ ደሴ ፒያሳ፣ ባሱ ከሚያነሳን ቦታ ላይ፣ ማንም ሳይሳፈር እዚያው አስፋልቱ ዳር አቆማቸዋለሁ። ምርቃቱ ይቆየን እላለሁ፤ መጀመሪያ የሚያስፈራን ይነገር። ከእኔ እጀምራለሁ። ጋሽ ሰይድንም ለመንኳቸው፤ ዱዓው ካልቀደመ እናገራለሁ ብለውኛል። ከዚያ በሚኒባስ እንወርዳለን። የሚቆጣ ይቆጣ።

ምንይሉ ከሥራ ቢያባርረኝ እንዴት እንደምንሆን አስባለሁ። ግን ከሁሉ የከፋው ፍርሃቴ ይሄ አይደለም። የምፈራው እኔ ተናግሬ ስጨርስ ሰዉ በደግ ልቡ «አብሽሪ እትዬ፣ አላህ ይጠብቀናል» ብሎኝ፣ አሚን ብሎ እንዳይሳፈር ነው። ኢስራም አብራ። እንዲያ ብለው ዝም እንዲሉ ያስለመድኳቸው እኔ ነኛ። እነሱ ከተሳፈሩ እኔም እሳፈራለሁ፤ ልጄን ብቻዋን ሐረጎን አላስወርዳትም።

ደብዳቤው ሲደርስህ የነገው ነገር አልፎ ይሆናል። ወዲያው ደውልልኝ። ስትደውል ግን «ደህና ነሽ?» ብለህ አትጀምር። ስትስል ስልኩን ከአፍህ እንደምታርቅ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ሙዓዝን ጠይቄው ዓይኑን ሰበረ። እኔ ሐረጎን ደበቅኩህ፣ አንተ ደረትህን ደበቅከኝ፤ በየቀኑ እየተደዋወልን አልሐምዱሊላህ እንባባላለን። ሐኪሙ ያለህን እንዳለ ንገረኝ።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፣ በሰው አገር አያሳጣህ፣ ለልጅህና ለእኔ ያቆይህ ብዬ ልመርቅህ ነበር። ግን አሚን አትበል፤ መጀመሪያ ያስፈራህን ንገረኝ።

ያንተዋ
ፈትሂያ