ጉሚትና ዝገቱ ከታረቁ በኋላ

ሰኞ፣ ኅዳር 1፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ገጽ 1 አለቀ። ገጽ 2 ላይ እጄ ተያዘ። ማስታወሻዬ፣ ይህን በየሳምንቱ የሚወጣ የሥዕል ታሪክ ማን አሸከመኝ? አንዱ ቅዳሜ አለፈ ስል ሌላው ይመጣል። የተማሪዎቼ ደብተርም ሳይታረም ተቆልሏል። ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ልጆች የፎቶ ኮፒ ቤቱን በር ከብበው ጉሚት ወጣች ወይ ሲሉ... ደስ ይለኛል። በጣም።

ባለፈው ሳምንት ግን የማይሆን ነገር ሠራሁ መሰለኝ። ታሪኩን የሚጽፈው ቢኒያም (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የጎንደር ልጅ፤ ከእንግዲህ ቢ.) ፈተና ላይ ስለነበር ጽሑፍ አልላከም። ገጽ መሙላት ነበረብኝ። ጀግናችንን ጉሚትን፣ የቡና ቅጠል ከሚያደርቀው ጠላቷ ከዝገቱ ጋር የአገራችን የእርቅ ሸንጎ፣ ሶንጎ ላይ አስቀመጥኳቸው። ዛፍ ሥር፣ ሽማግሌዎች መሐል። አስታረቅኳቸው። ለመሳልም ቀላል ነው፤ ሁሉም ተቀምጧል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
ቢ. አነበበ። ተናደደ። ዝገቱ ከታረቀ ጉሚት ማንን ትመታለች አለ። እውነቱን ነው። ሕልም ነበር እንበል አለኝ፤ ጉሚት ትነቃለች፣ ድብድቡ ይቀጥላል። እሺ አልኩ። ሳልኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
ሕልሙን ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ለወ/ሮ ዓለሚቱ አሳየሁ። ፊቷ ተለወጠ። ሶንጎ ላይ ያለቀ ነገር ሕልም ነው ይባላል ወይ አለች። ወርቃ ከተማ፣ ቡና ማጠቢያ ውስጥ የሚሠራው ወንድሟ የእርቁን ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ አሁን ምን ልበለው አለችኝ። አፈርኩ።

ለቢ. ነገርኩት። የወረቀት ሰዎች ናቸው፣ ሥጋ የላቸውም አለ። እሱም ልክ ነው። እሷም ልክ ናት። ታዲያ እኔ የት ነኝ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት
ሕልሙን ቀደድኩት። ቢ. ደወለ። ያለ ድብድብ ጀግና የለም፣ ሶንጎሽን ብቻሽን አሳትሚ አለኝ። እኔም፣ ያለ እኔ ሥዕል ጽሑፍህን ማን ዞር ብሎ ያየዋል አልኩት። ስልኩን ዘጋ።

ጎበዝ። አሁን ጽሑፍም የለም፣ ጸሐፊም የለም።

አርብ፣ ኅዳር 5፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
እስከ ገጽ 5 ጉሚትና ዝገቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ሳልኩ። ወዴት? እንጃ። ገጽ 6 ባዶ።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው የእርቁን ገጽ ሲያዩ ቆዩ። በሕይወታቸው ስንት ጠብ ያበረዱ ሰው ናቸው። የታረቁ ሰዎች ከዚያ በኋላ ምን ይሠራሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝገቱ ያደረቀው ቡና አለ አይደል፣ አብረው መልሰው ይተክሉታላ አሉ። እንዴት አልታየኝም!

ከዚያ ያ ልጅ ለምን ጠፋ አሉ። ያልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«የወረቀቱን ሰው አስታረቅሽ። እናንተንስ ማን ያስታርቃችሁ?»

እርቁ ልክ ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ። ስድቤ ግን ልክ አይደለም። ነገ እናውጣ አናውጣ አላውቅም። የተከላውን ገጽ ብቻዬን መሳል እችላለሁ፣ ግን አልፈልግም። ባዶውን ይዤ ቢ. ጋ እሄዳለሁ። አባባ ጫማቸውን እያሰሩ ነው። የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ አስጠርተነው ሲወጣ መጀመሪያ የምለው «ይቅርታ» ነው፤ ባዶውን ገጽ የማሳየው ከዚያ በኋላ ነው።